ለሉፐስ ጥናት ማን ይከፍላል? የቤንሊስታ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2011 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ፣ ቤንሊስታ የተባለ የሉፐስ መድኃኒት ገበያ ላይ እንዲውል ፈቀደ። ከዚያ በፊት ለሉፐስ ተብሎ ለመድኃኒት ፈቃድ የተሰጠው በ1955 ነበር። መሀል ላይ 56 ዓመት አለ። ኤችአይቪ የተገኘውም፣ መድኃኒት የወጣለትም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። የሉፐስ ታማሚዎች ግን እናቶቻቸው ይወስዱት የነበረውን ስቴሮይድና የወባ ኪኒን እየዋጡ ቆዩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሉፐስ ጥናት ገንዘብ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ መንገድ ነው። ብር ይሰበሰባል፣ ለሳይንቲስቶች ይሰጣል፣ መድኃኒት ይወጣል። የቤንሊስታ ታሪክ እንደዚያ አይሄድም። ትልቁን ገንዘብ ያወጣው ኩባንያ ነው፤ ይህ አይካድም። ነገሩ ሁሉ ውሃ ሊበላው ሲል ያተረፈው ግን ቀደም ብሎ፣ በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ የተሠራና ብዙ ትኩረት ያላገኘ ሥራ ነው። ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ ማየት የፈለግኩትም ለዚህ ነው።

ሉፐስን ለማታውቁት ባጭሩ ልናገር። የሰውነት በሽታ መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ቆዳ፣ መገጣጠሚያ፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ ሳንባ፣ አንጎል፤ የማይነካው የለም። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በወጣትነታቸው ነው የሚይዛቸው። አንዷ ፊቷ ላይ ሽፍታ ይወጣባታል። ሌላዋ ኩላሊቷ ይታመማል። ሌላዋ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት አቅም ታጣለች፤ ከውጭ ለሚያያት ግን ጤነኛ ትመስላለች። ብዙዎቹ የበሽታቸውን ስም እስኪሰሙ ድረስ ከሐኪም ሐኪም ይንከራተታሉ። ስቴሮይዱም በነጻ አይደለም። ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል።

ታሪኩ የሚጀምረው ሮክቪል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። አበሻ ከሚበዛባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር አንድ ካውንቲ ውስጥ ናት። እዚያ በ1992 ሂዩማን ጂኖም ሳይንስስ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። ሐሳቡ የሰውን ጂኖች ከሌላው ቀድሞ አንብቦ ከዚያ መድኃኒት ማውጣት ነበር። በማግስቱ ዓመት ስሚዝክላይን ቢቻም የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የጂን መረጃውን ለመጠቀም 125 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ተዋዋለ። መድኃኒት ገና የለም፤ ያለው ተስፋ ብቻ ነው።

በ1999 የሮክቪል ተመራማሪዎች ቢሊስ ብለው የሰየሙትን አንድ ፕሮቲን ይፋ አደረጉ። ሌሎች ቡድኖችም በዚያው ሰሞን ያንኑ ፕሮቲን ባፍ በሚል ስም አግኝተውታል። ሥራው ቢ ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች በሕይወት ማቆየት ነው። ቢ ሴሎች ደግሞ አድገው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ጀርምን የሚዋጋበትን ፕሮቲን፣ ያመርታሉ። ሉፐስ ላይ የራስን አካል የሚያጠቁት አንቲቦዲዎች ምንጫቸው እነሱ ናቸው። ብዙ የሉፐስ ታማሚዎች ደም ውስጥ ቢሊስ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ቢሊስን ብናግደውስ? ኩባንያው ካምብሪጅ አንቲቦዲ ቴክኖሎጂ ከተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ጋር ሆኖ ቢሊስን የሚያግድ አንቲቦዲ በላቦራቶሪ ሠራ። ቤሊሙማብ ተባለ። ቤንሊስታ የገበያ ስሙ ነው።

በ2005 መጸው የሁለተኛው ደረጃ ሙከራ፣ ማለትም መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነ በታማሚዎች ላይ የሚታይበት ሙከራ፣ ውጤት ወጣ። 449 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። መድኃኒቱ ወደቀ። ዋና ተብለው ከተያዙት ሁለት መለኪያዎች አንዱንም አላለፈም።

በመድኃኒት ዓለም እዚህ ላይ ፋይሉ ይዘጋል። ባለ አክሲዮኑ ይቆጣል፣ ኩባንያው ወደ ሌላ በሽታ ይዞራል። ሉፐስን የሚያጠኑ ሐኪሞች ግን ሌላ ነገር ጠረጠሩ። የወደቀው መድኃኒቱ ነው ወይስ መለኪያው?

ሉፐስ እንደ ደም ግፊት በአንድ መሣሪያ አይለካም። ሐኪሞች የሚጠቀሙት የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ የተሠራው ስሌዳይ ነው። 24 ምልክቶች ተዘርዝረውበታል። ሐኪሙ ታማሚዋን ይመረምርና ባለፉት 10 ቀናት የታየውን ይሞላል። መንቀጥቀጥ 8 ነጥብ። የመገጣጠሚያ ብግነት 4። ሽንት ውስጥ የወጣ ፕሮቲን 4። ሽፍታ 2። የፀጉር መነቃቀል 2። ትኩሳት 1። ከዚያ ይደመራል።

እስቲ አንዲት ታማሚ እናስብ። ሙከራውን ስትጀምር 10 መገጣጠሚያዎቿ አብጠዋል። ከስድስት ወር በኋላ የቀሩት 3 ናቸው። ጣቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ቡና ታፈላለች፣ ልጇን ታቅፋለች። አሁን ነጥቧ ስንት ነው? ያው 4። ሰንጠረዡ የሚጠይቀው ሁለትና ከዚያ በላይ መገጣጠሚያ ታሟል ወይስ አልታመመም ብቻ ነዋ። ታማሚዎች ከምንም በላይ የሚያማርሩት ድካም ደግሞ ከነጭራሹ ሰንጠረዡ ውስጥ የለም።

ችግሩ ይህ ብቻም አልነበረም። ከተሳታፊዎቹ ወደ 29 በመቶ የሚሆኑት ሲጀምሩ ደማቸው ውስጥ የሉፐስ መለያ የሆኑት አንቲቦዲዎች አልተገኙም። አንቲቦዲ የሚቀንስ መድኃኒት አንቲቦዲ ለሌለው ሰው ምን ያደርጋል? በዚያ ላይ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት መርፌ የደረሳቸውም ሰዎች የወትሮ ሕክምናቸውን አላቋረጡም። ሕመሙ ሲብስባቸው ሐኪማቸው ስቴሮይድ ይጨምርላቸዋል። መጨመርም አለበት፤ ማንም ሐኪም ታማሚ ሲሰቃይ እጁን አጣጥፎ አያይም። ውጤቱ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት መደብዘዙ ነው።

አንቲቦዲው የተገኘባቸው 321 ሰዎች ብቻቸውን ሲታዩ መድኃኒቱ ለውጥ አምጥቷል። ከሙከራ በኋላ እንዲህ ከፋፍሎ ማየት አደገኛ ልማድ ነው፤ የወደቀ መድኃኒት ሁሉ ቆራርጠው ካዩት አንድ ጥግ ላይ የሠራ ይመስላል። ስለዚህ እንደ ማስረጃ አልተወሰደም፤ ለቀጣዩ ሙከራ መነሻ ነው የሆነው። ሐኪሞቹና ኩባንያው ተቀምጠው አዲስ መለኪያ ሠሩ። ታማሚዋ ተሽሏታል የሚባለው የስሌዳይ ነጥቧ ቢያንስ በ4 ከቀነሰ፣ ሌላ የአካል ክፍል ላይ አዲስ ከባድ ችግር ካልመጣ፣ የሐኪሟ አጠቃላይ ግምትም ካልከፋ ነው። ሦስቱም አብረው መሟላት አለባቸው።

የገንዘቡን ነገር ያመጣሁት እዚህ ጋ ለመድረስ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ከየት መጡ? አንድም ሮክቪል ውስጥ አልተፈለሰፈም። ስሌዳይ ታማሚዎቻቸውን ለዓመታት ከተከታተሉ የቶሮንቶ ሐኪሞች ነው። የአካል ክፍሎቹን ለየብቻ የሚያየው ቢላግ የሚባለው መለኪያ በ1980ዎቹ ተሰባስበው ከሠሩት የብሪታኒያ ሐኪሞች ነው። ስሌዳይ ደግሞ ተሻሽሎ ሙከራው ላይ የዋለው ሴሌና በተባለ ጥናት ነው። ሴሌናን የከፈለለት የአሜሪካ መንግሥት ነው፣ በብሔራዊ የጤና ተቋሙ በኤንአይኤች በኩል።

ሴሌና ምን ይጠይቅ ነበር? ሉፐስ ያለባት ሴት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ብትወስድ ሕመሟ ይነሳባታል ወይ? በማረጥ ጊዜ የሚሰጠውን ሆርሞንስ? ጥናቱን የመሩት የኒውዮርኳ ዶክተር ጂል ባዮንና ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉት ዶክተር ሚሼል ፔትሪ ናቸው። በ2005 በወጣው ውጤት ሕመማቸው የረጋ ሴቶች ላይ ኪኒኑ ሕመሙን እንደማያባብስ ታየ። ለስንት ሴት ሕይወት የሚበጅ መልስ ነው! ከዚህ ጥያቄ ግን የትኛውም ኩባንያ አዲስ መድኃኒት አይሸጥም። ያኔ በጀቱን የፈረመው ሰው አንድ ቀን የሉፐስ መድኃኒት ከውድቀት እንደሚያተርፍ ሊያውቅ አይችልም።

ዶክተር ፔትሪ ከ1987 ጀምሮ የሉፐስ ታማሚዎችን በየሦስት ወሩ እየጠሩ የሚመዘግብ ክትትልም ይመራሉ። ደም፣ ሽንት፣ ነጥብ፣ መድኃኒት፤ እንደገና ደም፣ ሽንት፣ ነጥብ። አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ግን ሕመሙ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚበርድ ማወቅ የተቻለው በዚህ ዓይነት ክትትል ነው። ለጋሽን ቅጽ ለማሻሻል ብር ስጥ ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። ሁሉም ሰው የእሱ ብር መድኃኒቱን እንዲያገኝ ይፈልጋል። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ካጠናሁ ወዲህ ለምዝገባና ለመለኪያ የሚሰጠው ብር በብዙ እጥፍ የሚከፍል ይመስለኛል።

ኩባንያው ቀጥሎ ወደ ሦስተኛው ደረጃ፣ ለፈቃድ ወደሚያበቃው ትልቅ ሙከራ ገባ። ወጪውን ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ እኩል ለእኩል ተጋራው። ጊዜው አስፈሪ ነበር። በ2008 ሪቱክሲማብ የተባለው ሌላ የቢ ሴል መድኃኒት ሉፐስ ላይ ተሞክሮ ወደቀ። ገበያው በሉፐስ ተስፋ ቆረጠ። በ2009 መጀመሪያ የሂዩማን ጂኖም አንዱ አክሲዮን ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር።

ሁለት ትላልቅ ሙከራዎች ተደረጉ። አንደኛው ላይ 865 ታማሚዎች ተሳተፉ፤ ከላቲን አሜሪካ፣ ከእስያና ፓስፊክ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ። የመራችው የፊሊፒንስ ሐኪም ሳንድራ ናቫራ ናት። ሁለተኛው በአመዛኙ ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ላይ 819 ታማሚዎችን ይዟል። ጁላይ 20 ቀን 2009 የመጀመሪያው ውጤት ተነገረ። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 58 በመቶ ተሻላቸው፤ ከፕላሴቦው ቡድን 44 በመቶ። በዚያ አንድ ቀን አክሲዮኑ ከ3 ዶላር ተነሥቶ ከ12 ዶላር በላይ ዘለለ። ሁለተኛው ሙከራም አለፈ፤ ልዩነቱ ግን ጠበብ ያለ ነው፤ 43 ለ34።

እነዚህን ቁጥሮች ረጋ ብላችሁ እዩዋቸው። ቤንሊስታ ተአምር አይደለም። ለብዙዎች ምንም ጠብ አላለም። በኖቬምበር 2010 የኤፍዲኤ አማካሪዎች ሲሰበሰቡ ይህ ሁሉ ተነሥቷል። ታማሚዎችም ቀርበው ተናገሩ። ድምፅ ሲሰጥ 13 ደገፉ፣ 2 ተቃወሙ። እኔም ብሆን ከ13ቱ ጋር እቆም ነበር። 56 ዓመት ለጠበቀ ሰው በመጠኑ የሚሠራ መድኃኒት ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም በሩ ከተከፈተ በኋላ ሌሎች ተከተሉ፤ በ2021 ቮክሎስፖሪንና አኒፍሮሉማብ ተፈቀዱ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ክፍል ልምጣ። በሁለቱ ሙከራዎች በድምሩ 1,684 ታማሚዎች ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ ጥቁሮች 148 ብቻ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች ሉፐስ የሚይዛቸው ከነጮች በሁለትና በሦስት እጥፍ በልጦ ሳለ፣ ኩላሊታቸውም ይበልጥ እየተጎዳ ሳለ ማለት ነው። 148ቱ በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ፕላሴቦ ከወሰዱት 50 ሰዎች 22ቱ ተሻላቸው። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 50 ሰዎች ግን 18ቱ። መድኃኒቱ ለጥቁሮች አይሠራም ማለት ነው? ወይስ ሰው በማነሱ የተነሣ እንዲሁ የመጣ ቁጥር ነው? ከ50 ሰው ይህን መለየት አይቻልም።

ኤፍዲኤ ፈቃዱን ሲሰጥ ጥቁር ታማሚዎች ላይ ብቻ የሚያተኩር ሌላ ጥናት እንዲሠራ አዘዘ፤ የመድኃኒቱ መመሪያ ላይም ማስጠንቀቂያ ገባ። የዚያ ጥናት ውጤት ታትሞ የወጣው በ2022 ነው። 48.7 በመቶ ለ41.6 በመቶ። መድኃኒቱ በኩል ያጋደለ ነው፣ ግን ማስረጃ ለመባል የሚበቃ ልዩነት አይደለም። ከፈቃዱ በኋላ 11 ዓመት አልፎ ማለት ነው። አንዲት ጥቁር ታማሚ በነዚያ ዓመታት ሐኪሟን «ለእኔ ይሆነኛል?» ብላ ብትጠይቅ ያገኘችው መልስ ትከሻ መነቅነቅ ነው። ይህ የገንዘብ እጥረት አይደለም። ገንዘቡ ነበረ። ያልነበሩት ሰዎቹ ናቸው።

ለምን አልነበሩም? ጥቁር አሜሪካውያን የሚሸሹበት ምክንያት አላቸው። ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ታስኪጊ፣ አላባማ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች፣ መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ እንኳ፣ ሳይታከሙ «ተጠኑ»። ያ አልተረሳም። ሙከራዎቹ የሚካሄዱትም ብዙ ጊዜ ታማሚው ከሚኖርበት ርቀው ነው፤ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ከሥራ መቅረት ማለት የቤት ኪራይ ማለት ነው። ወደ እኛ ወደ አበሾች ስንመጣ ደግሞ የራሳችን ነገር አለ። በሽታ ይደበቃል። ገና ያላገባች ልጅ ሉፐስ ካላት ቤተሰቡ ለጎረቤት አያወራም። «ሙከራ» የሚለውን ስትሰማ ብዙዋ እናት «ልጄን እንደ አይጥ?» ትላለች። ፍርሃቱ ይገባኛል።

ቢሆንም እውነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ቤንሊስታን ባስፈቀዱት ሙከራዎች ፕላሴቦ የደረሳት ታማሚ የወትሮ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው የተሳተፈችው። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል። ተሳታፊዋ ሁሉንም ተረድታ ትፈርማለች፤ ባሻት ቀን ምክንያት ሳትሰጥ ትወጣለች። እንግሊዝኛው ካልቀናት አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላለች።

የኩባንያው መጨረሻ ባጭሩ ይኸው ነው። በ2012 ግላክሶስሚዝክላይን ሂዩማን ጂኖም ሳይንስስን ወደ 3.6 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቀለለው። ቤንሊስታ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 35,000 ዶላር ገደማ ነበር። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የማይታሰብ ነው። እንግሊዝ እንኳ ዋጋውን ለዓመታት ተከራክራ በመንግሥት ሕክምናዋ ውስጥ በቅድመ ሁኔታ የተቀበለችው በ2016 ነው። አገር ቤት ላለች ታማሚ ዛሬም ዋናው መድኃኒት ያው የወባ ኪኒኑ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ስቴሮይዱ ፕሪድኒሶሎን ነው። በነገራችን ላይ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያረጀ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ አዳዲሶቹን የሚወስዱትም አብዛኞቹ እሱን አይተዉም። በ2020 መጨረሻ ቤንሊስታ ለሉፐስ ኩላሊት ሕመምም ተፈቀደ። 448 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ የኩላሊታቸው ሁኔታ የተሻሻለው 43 በመቶ ነበሩ፤ በፕላሴቦ በኩል 32።

የግል ለጋሾችስ? በ1999 የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ቤተሰብ የሆነው ሮበርት ዉድ ጆንሰን አራተኛው፣ ሴት ልጁ ሉፐስ ስለያዛት ለጥናቱ ብቻ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። በዓመቱ ሌሎች ቤተሰቦች የሉፐስ ምርምር ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ኤንአይኤች ገና ብር ለማይሰጠው አዲስ ሐሳብ መነሻ ገንዘብ የሚሰጥ ነበር። በ2016 ተዋህደው ሉፐስ ሪሰርች አሊያንስ ሆኑ። የቢሮና የገንዘብ ማሰባሰቢያ ወጪውን የቦርድ አባላቱ ስለሚሸፍኑ ከሕዝብ የሚመጣው ብር በሙሉ ለምርምር ይውላል። ታማሚዎችና ቤተሰቦች ኮንግረስ ድረስ ሄደው ስለወተወቱም ከ2017 ጀምሮ በመከላከያ በጀት ውስጥ ለሉፐስ ጥናት 5 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ በኋላም ጨመረ። ወታደር ውስጥ ወጣት ሴቶች አሉ፣ ጥቁሮችም ብዙ ናቸው፤ መከራከሪያው ያ ነበር።

ለመስጠት የምታስቡ ለድርጅቱ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። ከብሩ ስንቱ ለምርምር ይሄዳል? ጥናቶቻችሁ ውስጥ ጥቁር ታማሚዎች እንዲገቡ ምን እያደረጋችሁ ነው? ለሁለተኛው የተጨበጠ መልስ ካጣችሁ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና አትላንታ አካባቢ ሆናችሁ ሉፐስ ያለባችሁ ደግሞ የሩማቶሎጂ ሐኪማችሁን «እዚህ ቅርብ ልመዘገብበት የምችል የክትትል ጥናት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ መድኃኒት መሞከር የግድ አይደለም። በየሦስት ወሩ ሄዶ ደምና ሽንት ሰጥቶ ያ ቅጽ እንዲሞላ ማድረግም ተሳትፎ ነው።